ከረባት ያሰሩ ጥርሶች

ይህን ለመጻፍ ስነሣ ባለቤቴን አጠገቤ አስቀምጫታለሁ። ምክንያቱ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ጥንቃቄም ጭምር ነው። ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ የገዛ ትዝታዬ የሚነግረኝን ሁሉ ሳልመረምር አልቀበልም። የትኛውን ነገር በእርግጥ እንዳየሁት፣ የትኛውን ደግሞ ደጋግሜ ከማውራቴ የተነሣ ያየሁት እየመሰለኝ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። ስለዚህ በተስማማንበት ላይ እጽፋለሁ፤ ባልተስማማንበት ላይ የሁለታችንንም ቃል አስቀምጬ አልፋለሁ። እርሷ በሳቅ የምትፈርስበት ቦታ ሲያጋጥመኝ ግን ያ ክፍል እውነት መሆኑን በዚያው አረጋግጣለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነው። እኔ በሆሳዕና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ያጨኋት ልጅ ከከተማው ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ ተዳፋት ላይ የሚኖሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም የሆኑ የአንድ ገበሬ ልጅ ነበረች። አማላጆች ሄደው፣ ተመልሰው፣ እንደገና ሄደው ነገሩ ሁሉ በመልካም ካለቀ በኋላ አባቷ አንድ ቃል ብቻ ጨመሩ።

«ልጄን የሚወስዳት መኪና ነው። መኪናውም የሚቆመው ከቤቴ በር ላይ ነው። ከቤቴ በር ላይ መኪና ካልቆመ ልጄ ከቤት አትወጣም።»

ይህን የተናገሩት በምእመናን ፊት ቆመው ስለነበር ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ክፋት ግን አልነበረባቸውም። ታላቋን ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ ሙሽራዋን የተሸከመችው በቅሎ ከደጃፋቸው በታች ካለው ተረተር ላይ ተንሸራትታ ልጅቱን ከነነጭ ቀሚሷ ጭቃ ውስጥ አስቀምጣት ነበር። አገሩ ለዓመታት ሲስቅ ኖረ። ታናሺቱን በዚያው ተረተር ላይ መሣቂያ ሊያደርጓት አልፈለጉም።

የእኔም ችግር ያው ተረተር ነበር። ወደ ደጃቸው የሚያደርሰው መተላለፊያ ለእግረኛና ለከብት እንጂ ለመኪና የሚሆን አልነበረም፤ ከበሩ ሥር ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ የሚቆም የቀይ አፈር ግድግዳ ይገጥመዋል። ሰውየው በሕይወታቸው መኪና ያዩት በደልዳላ መንገድ ላይ ብቻ ስለነበር፣ መኪና የማይወጣው ነገር ይኖራል ብለው አላሰቡም። እኔም ልነግራቸው አልችልም። በዚያ ቀበሌ ደንብ እጮኛ ከሠርጉ በፊት የአማቱን ደጅ አይረግጥም፤ አማቱንም ቀና ብሎ አያናግርም።

አንድ የተፈቀደ ነገር ብቻ ነበር። እጮኛው ከእኩዮቹ ጋር ባለሁለት ጣቱን መቆፈሪያ ተሸክሞ ይመጣና በአንድ ረድፍ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወግተው በአንድ ጊዜ እየገለበጡ የአማቱን የእንሰት ቦታ ይቆፍራሉ። ቤት ሳይገቡ ይመለሳሉ። አማቱ ደግሞ በተቆፈረው ላይ ሳይውሉ ሳያድሩ ይተክሉበታል፤ አማች የቆፈረውን አፈር ባዶውን ማሳደር አማችን እንደ መናቅ ነው። አስተማሪ ለሆነ ሰው ይህ ደንብ እንደሚታለፍ ጓደኞቼ ስለነገሩኝ እኔ አልቆፈርሁም። ማንም አላነሣብኝምና ነገሩን ረሳሁት።

ሚዜዬ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ችግር ሲያይ የምግብ ሽታ እንደ ሸተተው ሰው እጁን የሚያፋትግ።

«ተረተሩን እንቆርጠዋለን» አለኝ።

«በምን?»

«በትራክተር ነዋ!»

ከፊቱ አካፋ ያለው ትራክተር በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ እንደነበረ አስባለሁ። ባለቤቱ ከጉራጌ አገር የመጣ ባለሱቅ ነበር፤ በሣቀ ቁጥር አንድ የወርቅ ጥርስ ብልጭ ይልበታል፤ የማይሥቅበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። ትራክተሩን ከመንገድ ሥራ ተርፎ ሲሸጥ ገዝቶት ራሱ ይነዳዋል። ከፊቱ ሁለት የብረት ክንዶች፣ በክንዶቹ ጫፍ ደግሞ ሙሽራና ሚዜ ጎን ለጎን ሊቀመጡበት የሚችሉት ሰፊ የብረት አካፋ ነበረው፤ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይገለበጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ሥራው በገበያ ቀን ጆንያ ማንሣት ብቻ ነበር።

«መምህሬ» አለኝ ባለሱቁ ጉዳያችንን ሲሰማ፣ «ይህን ማሽን ሰው ሁሉ ኩሊ እያለ ሲሰድብብኝ አንጀቴ አርሮ ነው የምኖረው። ተራራ ስጠኝ! ወላሂ ተራራ ስጠኝ!»

አማቴ ለቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ወደ ሀቢቾ የሄዱበትን ሳምንት ጠብቀን ሄድን። የመሄዳቸው ምክንያት ስብሰባ ሳይሆን ለቅሶ ነበር የምትለው ባለቤቴ ናት፤ አልከራከራትም። እኔ ደንቡን ጠብቄ ከማዶ ባለ የባሕር ዛፍ ጥግ ቆምሁ። እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ያየሁት ከሩቅ መሆኑ ይታወቅልኝ።

የጥር ፀሐይ ያን ቀይ አፈር ሸክላ አድርጎት ነበር። ባለሱቁ ሞተሩን አስጓርቶ፣ አካፋውን ዝቅ አድርጎ ወደ ተረተሩ ገሰገሰ። አካፋው መሬቱን ላሰው። ሌላ ቃል ላገኝለት አልቻልሁም፤ ከላይ ያለውን አቧራ ጠራርጎ ያለ ምንም ጉዳት ተንሸራቶ አለፈ። ባለሱቁ ተመልሶ ክንዶቹን በኃይል ወደ ታች ተጫናቸው። በዚህ ጊዜ መሬቱ እንቢ ስላለ የተነሣው ትራክተሩ ሆነ፤ የፊት እግሮቹ ከመሬት ለቀው አየር ላይ ተንጠለጠሉ፤ ባለሱቁም መሪውን እንደያዘ ሰማይ ሰማይ እያየ ቀረ።

ከሥራ የሚመለሱ ገበሬዎች መቆፈሪያቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ይመለከቱ ነበር። አንዱ ጮክ ብሎ ተናገረ፦

«ድዱን ነው እኮ የሚያሻሸው! ይህ ነገር ጥርስ የለውም!»

ባለሱቁ ዘሎ ወረደ። «ማነው ማሽኔን ጥርስ የለውም ያለው?»

ገበሬው ባለሁለት ጣቱን መቆፈሪያ ወደ ላይ ከፍ አደረገ። «እየው፤ የእኔ ሁለት አለው። ያንተ ይህን የሚያህል አፍ ይዞ አንድ እንኳ የለውም። ገንፎ ነው የምታበላው?»

ሣቁ እኔ እስካለሁበት ድረስ ደረሰ። ባለሱቁ የመቆፈሪያውን ሁለት ጣቶች አየ። ከዚያም የወርቅ ጥርሱ ብልጭ አለና ከሁሉም በላይ ሣቀ። «ወላሂ እውነቱን ነው! ጥርስ እናስተክልለታለን!»

በዚያው ዕለት ትራክተሩ ወደ ሆሳዕና ተመልሶ በአንድ መካኒክ ደጅ ቆመ። ይህ መካኒክ ጉራ የሚወድ ሰው ነበር፤ የብረት ነገር ሲነሣ ከሥራው አስቀድሞ የሚሞቀው ምላሱ ነው። የተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ከጓሮው ጎትቶ አወጣ፤ የመኪናን ክብደት ተሸክሞ የኖረ ቆልመም ያለ ብረት።

«ይህ ጥርስ ከሆነ» አለ፣ «ማሽንህ ድንጋይ ቆርጥሞ ይስቃል። ስንት ላድርግለት?»

«አፉ ይሙላ!» አለ ባለሱቁ።

ሚዜዬ ጠመኔ ከኪሱ አወጣ። «አይሞላም! ጥርሱ ከበዛ ጉልበቱ ይበታተንና መሬት አይገባም። በጣም ከተራራቀ ደግሞ መካከሉ ሳይቆፈር ይቀራል። እኩል መራራቅ አለባቸው። ስፋቱን ለጥርሶቹ ቁጥር ሳይሆን በመካከላቸው ላለው ክፍተት ነው የምናካፍለው...»

«መምህር» አለው መካኒኩ፣ «እዚህ ተማሪ የለም። እዚህ ያለው እሳት ነው።»

«እሳቱም ቢሆን ማካፈል ይወቅ!»

በመጨረሻ ሁሉም በጠመኔው ምልክት ተስማሙ፤ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ስንዝር ከግማሽ ያህል። ስድስት ጥርሶች እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ። ባለቤቴ ሰባት ነበሩ ትላለች፤ ከየት እንዳመጣችው ኋላ ይታያል።

ባሌስትራው እንዲሁ አይበሳም ነበር። መካኒኩ በእሳት አግሎ፣ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀው፤ ያን ጊዜ ብረቱ ለሰሰ። ከዚያ ትራፓኖውን በእጅ እያዞርን የምንበሳው እኛ አስተማሪዎቹ ሆንን። በየተራ፣ ሸሚዛችንን እየሰበሰብን፣ እንደ ሕፃናት እየተሻማን። በአካፋው ከንፈር ላይ በመጀመሪያ አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ከዳር እስከ ዳር ተኛ፤ ጥርሶቹ በቡሎን የተያዙት በእርሱ ላይ ነው። ጫፋቸው ዳግመኛ ግሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሰማሁት ፉጨት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። መካኒኩ በመጨረሻ መዶሻ አንሥቶ የቡሎኖቹን ጫፍ እንዳይፈቱ አድርጎ ቀጥቅጦ ደፈጠጣቸው።

«ከእንግዲህ» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ እነዚህን ጥርሶች የሚነቅል ሐኪም አይወለድም።»

ባለሱቁ ዞር ዞር ብሎ ሥራውን ካየ በኋላ ወደ ሱቁ ሮጦ ሄደና ቢጫ ቀለም ይዞ መጣ። አንደኛውን ጥርስ ቀባው። «እኔ የወርቅ አለኝ» አለ፣ «እሱስ ምን በደለ?» እዚህ ላይ ባለቤቴ በሳቅ ፈርሳለች፤ ስለዚህ ቢጫው ጥርስ እርግጥ ነው።

በማግስቱ ወደ ተረተሩ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ሄዶ ነበር። ሰው ተዳፋቱን ሞልቶት ይጠብቀን ነበር። ባለሱቁ ጥርሶቹን ወደ መሬቱ አዘነበለና ገፋ። በመጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ መሬቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለና ቀዩ ግድግዳ ከነሣሩ ተገነጠለ። እልልታው ተነሣ። አካፋው ነከሰ፣ አነሣ፣ ደፋ፤ ነከሰ፣ አነሣ፣ ደፋ። ገበሬዎቹ በሁለቱም ወገን በረድፍ ቆመው የቁፋሮውን ዘፈን ለትራክተሩ ጀመሩለት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መቆፈሪያቸውን ሲያነሡ ባለሱቁም ክንዶቹን ያነሣል፣ ሲወጉ ይወጋል። ያ የብረት ማሽን ዜማ ጠብቆ ሲቆፍር እኔ ከማዶ ባሕር ዛፉን አቅፌ ብቻዬን እየዘለልሁ ነበር። ብቻዬን ስለነበርሁ ምስክር የለኝም።

ሲመሽ ግድግዳው ወድቆ በቦታው ለስላሳ ተዳፋት ተኝቶ ነበር። ላዩ ግን ገና አልተስተካከለም፤ ጥርሶቹ ያለፉበት ሁሉ ከታች እስከ በሩ ድረስ እንደ ማሳ ትልም ወጥቶበት፣ አፈሩም ተነፍቶ ነበር። ባለሱቁ በማግስቱ ገበያ ስለነበረው፣ የሠርጉ ዕለት በማለዳ መጥቶ በአካፋው ጀርባ ሊደለድለውና ሊጠቀጥቀው ተስማምተን ተለያየን።

የሠርጋችን ማለዳ ደረሰ። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ አስተማሪ ጓደኞቼ ከረባታቸውን አሥረው፣ በውሰት ያገኘናትን ጂፕ ከዋናው መንገድ ዳር አቁመን ትራክተሩን ከፊት አስቀድመን ወጣን። ከተረተሩ ሥር ስንደርስ ባለሱቁ ሞተሩን አጠፋ።

መንገዳችን ላይ እንሰት ተተክሎበት ነበር።

ከታች እስከ በሩ ድረስ፣ ትልም እየዘለለ፣ በሚያምር ረድፍ፣ የሚያማምሩ ትንንሽ የእንሰት ችግኞች። በየሥራቸው ፍግ ተደርጎላቸዋል፤ ውኃም ጠጥተዋል። አማቴ በዋዜማው ከሀቢቾ ሲመለሱ ከደጃቸው ሥር የተቆፈረ አፈር አገኙ። ማን ቆፈረው ብለው ጠየቁ፤ እጮኛው ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ነው ተባሉ። ሐሰት አይደለም። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም፤ የአማች ቁፋሮ ባዶውን አያድርምና የቀረውን ወሬ ሳይሰሙ ወደ ተከላው ሄዱ።

ሚዜዬ ወደ በሩ ወጣ። እኔ ከትራክተሩ ጀርባ ተሸሽጌ እሰማ ነበር። የተነጋገሩት በሀዲይኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አየህልኝ? አየህልኝ ይህን?» ወደ ችግኞቹ እያመለከቱ ነበር። «የተማረ ነው፣ እጁን አፈር አያስነካም ብለው ጎረቤቶቼ ስንት ጊዜ አሙት መሰለህ። እኔም ዝም አልሁ እንጂ ከፍቶኝ ነበር። ይኸው ቆፈረልኝ! ማንም አማች ያልቆፈረውን ድንጋይ የሆነ መሬት ቆፈረልኝ! ሌሊቱ ሳይገባ ተክዬ ጨረስሁ።»

«አዎ አባባ... እርሱ ግን... መኪናው...»

«አዎ፣ መኪናውስ የታለ?»

ሚዜዬ ዘወር ብሎ አየኝ። ጠመኔውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጂፗ በላዩ ካለፈች ሆዷ ችግኞቹን ሁሉ ይጠርጋቸዋል፤ እርሷም ገና ባልተጠቀጠቀው አፈር ውስጥ ትሰምጣለች። ካላለፈች ደግሞ መኪና ከበሩ ላይ አልቆመም፤ ሙሽራዋ አትወጣም። በሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡና መጋቢው ይጠብቁናል። «ይነቀልልን» እንዳንል የሰውየው ደስታ ከሥሩ ይነቀላል። ባለሱቁ ብቻ ቀስ ብሎ «ላርሰው እንዴ?» ሲል ሦስት አስተማሪዎች በአንድ ጊዜ አፉን ያዙት።

መፍትሔው የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። ሚዜዬ ያመጣው ይመስለኝ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም እንደዚያ ስናገር ኖሬአለሁ። ባለቤቴ ግን እኔ ነኝ ትላለች፤ አሁን ሳስበው ሚዜዬ ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበርና እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። ከጓዳ ሆና አክስቷን ላከች፦

«ጠይቂልኝ፤ ትራክተሩ ሞተር የለውም? መሪስ የለውም? ጎማስ? ታዲያ መኪና ካልሆነ ምንድነው?»

ሁሉም ወደ አባቷ ዞረ። እርሳቸው ትራክተሩን አዩት፤ ቀይ አፈር የቀረበትን ጥርሱን አዩ፤ ከፍ ያለ ሆዱን አዩት፤ ጎማዎቹንና በረድፎቹ መካከል ያለውን ቦታ በዓይናቸው ለኩ። የሚዜዬ ጠመኔ ያለያያቸው ጥርሶች፣ አንድ ትልም እየተዘለለ ሲተከል፣ ለጎማ የሚበቃ መንገድ በየረድፉ መካከል ትተው ነበር።

«መኪና ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንዲያውም ድምፁ ከመኪና ይበልጣል።»

ያን ጊዜ እናቷ ከበሩ ብቅ አሉ። «ሙሽራዋ የት ነው የምትቀመጠው?» ባለሱቁ ወደ አካፋው አመለከተ። እናቷ ወደ ታች ወርደው አካፋውን ተመለከቱ፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካኩ፤ ቢጫው ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄን ጥርስ ያለው አፍ ውስጥ አስገብቼ አልሰድም!»

«ንቀለው!» አለ ሚዜዬ መካኒኩን። መካኒኩ ከሠርገኞቹ መካከል ነበር፤ አንገቱን ደፋ። ስለ ቡሎኖቹ የፎከረው ሁሉ እውነት ነበር።

ከዚያ ማን እንደጀመረው አላውቅም። አንዱ አስተማሪ ከረባቱን ፈታ። ጎንበስ ብሎ በአንዱ ጥርስ ላይ ጠመጠመውና ልክ ለራሱ እንደሚያሥረው ቋጠሮውን አስተካክሎ አሠረለት። ሌላውም ፈታ። ሌላውም። የሐር፣ የሱፍ፣ ባለመሥመሩ፣ ባለነጠብጣቡ። የእኔም የሙሽርነት ከረባት ተወሰደ። ጥቂት ቆይቶ ያ አስፈሪ አፍ የትምህርት ቤት መምህራን ስብሰባ መስሎ ቁጭ አለ። ባለቤቴ ሰባት ከረባት ቆጥሬአለሁ ትላለች። እኔ ሰባተኛው በወርቁ ጥርስ ላይ የተደረበ ነው እላለሁ፤ ባለሱቁ ለእርሱ ሁለት ይገባዋል ብሎ ነበርና። እናቷ ጎንበስ ብለው ከረባቶቹን ተመለከቱ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥሁ። ይስቁ ነበር።

አካፋው ውስጥ ለምለም የእንሰት ቅጠል ተነጠፈ፤ በላዩ ጋቢ ተደረገ። አማቴ በረድፎቹ መካከል ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ባለሱቁን እየመሩ ትራክተሩን ከበሩ ላይ አደረሱት። «ወደዚህ! ቆይ! ቅጠሏን አየኋት፣ ቆይ!» አካፋው ዝቅ አለ፤ ሙሽራዋ ወጣች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ያለ ከረባት ከጎኗ ገባሁ። ከዚያ ክንዶቹ ተነሡ።

ከፍ ስንል ተዳፋቱ ሁሉ ከሥራችን ሆነ። የዘፈኑት መዝሙር ከሞተሩ ጋር ተደባልቆ ነበር፤ ቃሉን አላስታውስም። አካፋው በየጉብታው ሲወዛወዝ እርሷ በዓይነ ርግቧ ሥር ሆና ሣቋን ለማፈን ስትታገል ክንዷ ክንዴን ይመታኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ተነካክተን አናውቅም። «ጥርሶቹን ፈራሽ?» አልኋት በሹክሹክታ። «አንተ ትወድቃለህ ብዬ ነው የፈራሁት» አለችኝ።

አባቷ ወደ ኋላ እየተራመዱ ከፊታችን ወረዱ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ጎማው ወደ አንዲት ችግኝ ሲጠጋ ተንበርክከው ቅጠሎቿን በእጃቸው ወደ ጎን ሰበሰቡላት፤ ጎማው በጣታቸው አጠገብ አለፈ። አንዲትም አልተረገጠችም። ከታች ስንደርስ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ወደ ደጃቸውም ቀና ብለው አዩ፤ ከበሩ እስከ ታች ድረስ ችግኞቹ ቆመው ነበር፤ ልጃቸውም በነጭ ቀሚሷ ላይ አንዲት የአፈር ነጥብ ሳትኖር ከላይ ነበረች።

እኔን ፊት ለፊት ማናገር ደንቡ አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ እኔ ከራሳቸው በላይ በአካፋው ውስጥ ተቀምጬ እየሰማሁ፣ ወደ ሚዜዬ ዘወር ብለው ጮክ ብለው ተናገሩ፦

«ለአማቼ ንገርልኝ። አቆፋፈሩን ወድጄዋለሁ። በሚቀጥለው ጥር ደግሞ ጓሮው ይቀራል፤ ያን ወርቃማ ጥርስ ያለውን ጓደኛውን ይዞ ይምጣ።»